ነፋስ ከምሥራቅ

ሰው ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ወፍ የሚቆጥረው ምን ቢደርስበት ነው?

ኢንስፔክተር ሀስና ቅዳሜ ጥር አሥር ቀን፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሐሮ ዳር ቆማ ይህን ለራሷ ጠየቀች። ሐሮ ከዋጃ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ የተኛ ውሃ ነው። ስሙን ያወጡለት ኦሮምኛ ይናገሩ የነበሩ የድሮ አያቶች ናቸው፤ ሐይቅ ማለታቸው ነበር፤ ልጆቻቸውም ሌላ ስም አልጨመሩለትም። ፈረንጅ አገር ውሃው ሁሉ በረዶ ሲሆን ዳክዬው፣ ዝይው፣ ነጩም የባሕር ወፍ በረሃውን አቋርጦ እዚህ ይመጣና በጋውን ያሳልፋል።

በምዕራቡ ዳር፣ ከሸምበቆ ዳስ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ተገኝቷል። አሁን ወደ ዳር አውጥተው ጋቢ ጥለውበታል። ማጅራቱ ላይ አንድ ምት አለ፤ ሌላ ቁስል የለውም። ከጋቢው ጎን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው ፀሐዩን ከዓይናቸው ከልለው፣ በግራቸው የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃውን፣ እየገፉ ውሃውን ያያሉ።

«እንዲህ ሆነው ነው ያገኘናቸው» አለ ኮንስታብል ሰላሁዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለቴ ይነሡ ብያቸው፣ ቆይ ልጄ መቶው አልሞላም አሉኝ።»

«የምን መቶ?»

«የወፍ።»

ሀስና ከሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሐሮ ጠባቂ ከማሉዲን ናቸው፤ በዚህ ሜዳ የማያውቃቸው የለም።

«አባባ፣ ማነው ሟቹ?»

«ኑሀ ነው። አላህ ይርሐመው።» አንዲት ፍሬ ገፉ። «አርባ አንድ። በቃ፣ አለቀ።» ሙስባሃውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «አንዷ ፍሬ መቶ ናት። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

«ሰው ሞቶ ቆጠራ?»

«ኸዋጃ ስመጣ እንዲህ ተደፍቶ አገኘሁት። ጮህኩ። ሰው እስኪደርስ ምን ላድርግ? ዛሬ ነው ቀኑ። የዓለሙ ቆጣሪ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆጥራል፤ ኸተዘለለ ለዓመት ነው ይለኝ ነበር። አማና ነው፣ አደራ ነው ልጄ።» ሳል ያዛቸው፤ ከኪሳቸው የአስም መርጫቸውን አውጥተው ሁለቴ ሳቡ። «ፀሐዩ ዓይኔን ጠነቆለኝ እንጂ ኸማዶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱን ጥዬ ልሻገር?»

ሰላሁዲን ራሱን ነቀነቀ። ሀስና ግን የሽማግሌውን ዓይን አየች፤ ቀልቶ ያነባ ነበር። ከፀሐዩ ይሁን ከሐዘኑ አልለየችውም።

ኑሀ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ ስለ ወፍ ተምሮ፣ ሌላው ሁሉ መውጫ ሲፈልግ እሱ ተመለሰ። የቆቦ ሰው «ልጃችን ፈረንጅ አገር ሄዶ ወፍ ይዞ መጣ» እያለ ይስቅበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅና በነጋታው መነጽሩን አንግቶ ይወርዳል። በቆጠራ ሰሞን አዳሩ እዚሁ ዳስ ውስጥ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ቴሌስኮፑ በሦስት እግሩ ቆሟል። አንደኛው እግር ጎብጧል። የቀሩት ሁለቱ ጭቃ ለብሰዋል፤ የጎበጠው ግን ታጥቧል። ቦርሳው ውስጥ የሦስት ዓመት የድሮ ቆጠራ ሪፖርት ነበር፤ «ነፋስ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተከቧል። ከጎኑ የኑሀ መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

ቅዳሜ ጥር 10፣ ጠዋት 1፡00። ዳክዬ 3,600። ዝይ 140። የባሕር ወፍ 310። ፊታቸው ወደ ምሥራቅ። ነፋስ ከምሥራቅ።

«አለቀ'ኮ» አለ ሰላሁዲን። «አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ በእጁ ጽፏል። አባባ ከማሉዲን ከአንድ ተኩል በፊት እዚህ ነበሩ፤ ራሳቸው ያሉት ነው። ዱላቸውም ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ተገኘ። ሌላ ማን ነበር እዚህ?»

«ዱላውን ሐሙስ ዕለት ኑሀ የውሃውን ጥልቀት ሊለካበት ወሰደው» አሉ ሽማግሌው ሳይቆጡ።

«ዓርብስ የት ነበሩ?» አለች ሀስና።

«ለጁምዓ በስድስት ሰዓት ወደ ዋጃ ወጣሁ። ኸልጄ ኸዓሊማ ቤት አደርኩ። ጎረቤት ሁሉ አይቶኛል።»

ስለዚህ ነገሩ በአንድ መስመር ላይ ተንጠለጠለ። ኑሀ ዓርብ ሞቶ ከሆነ ሽማግሌው ነፃ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙም ሀስናን አልረዳት፤ «ውሃ ውስጥ የቆየ ሬሳ ነው፣ ሰዓቱን በግምት አልፈርምም» ብሎ ተወው። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ስትደውል የጣቢያው አዛዥ አጭር ቃል ሰጣት። «ሽማግሌው በዓሉ እስኪያልፍ ታስሮ ይቆይ። ሰኞ ወደ ዞን ይላካል። የሟች ዘመድ እየተሰበሰበ ነው፤ ጣጣ አልፈልግም።»

ኑሀ የዚያኑ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበረ።

*

ሙዓዊያ በሐሮ ምዕራብ የሽንኩርት ማሳ ያለው፣ ውሃውን በሞተር የሚስብ ገበሬ ነው። ሀስና ከቀብሩ በፊት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ስትደርስ ከቧንቧው ጋር እየታገለ ነበር።

«ጠብ ነበራችሁ አሉኝ» አለችው።

«ከማን ጋር? ከኑሀ? እሱማ ሞተሬን አጥፋ፣ ዳክዬ ይደነግጣል ይለኛል። እኔ ደግሞ ዳክዬህ ሽንኩርት ይብላና እኔ እንደሱ ልብረር እለዋለሁ።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ጠብ ነው እንዴ ይሄ? እኔን ሽንኩርት እንጂ ሰው አያስለቅሰኝም ነበር።»

«ኑሀ ከአባባ ከማሉዲን ጋር ሲጣላ ሰምተሃል ተብሏል።»

«ሐሙስ ነው። ሽማግሌው ቁጥሩን ባሕር ማዶ ከላክህ ውሃችን አለቀ፣ ጥብቅ ቦታ ነው ተብሎ አጥር ይመጣል፣ ከብቴ የት ይጠጣል እያሉ ጮኹ። እሱም ካልላክሁት ነው የሚያልቀው፣ ባለ ሞተሩ ሁሉ ይጋበጠዋል አላቸው። እኔን ማለቱ ነው እንግዲህ። ኋላ ታረቁ መሰለኝ፤ ሽማግሌው ሙስባሃ ይዘው ሲቆጥሩ አየኋቸው።»

«ዓርብስ ማንን አየህ?»

«ዘላለምን። የወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያውን፣ ከኑሀ ጋር ወፍ የሚቆጥረውን። ስምንት ሰዓት ላይ በሞተር ብስክሌቱ መጣ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሄደ። ሰላም አለኝ። እኔ እስኪመሽ ውሃ ሳጠጣ ቆየሁ፤ ዛሬ በሌሊቱ ሮቢት ሽንኩርት ልጭን ወጣሁ፤ ሹፌሩን ጠይቂው።»

እንደዚህ ሲነጋገሩ ከማሳው ባሻገር አውድማ ላይ ቁጭ ብለው የነበሩ ሰዎች ብድግ ብለው መንሽና ላይዳቸውን አነሡ። የማሽላው ገለባ ወደ ምዕራቡ ተራራ አቅጣጫ መብረር ጀመረ። የሀስናም ሻሽ ፊቷ ላይ ተጠመጠመ።

«ምን አስነሣቸው?»

ሙዓዊያ ገርሞት አያት። «አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ እንዴ? የአፋሩ ነፋስ ተነሣ'ኮ። ጠዋት የተራራው ነፋስ ይወርዳል፤ ጤዛ የያዘ ነው፣ ገለባ አይገፋም። ቀትር ሲያልፍ ይገለበጥና ከምሥራቅ ይመጣል። አውድማ ያየ ሕፃን ያውቀዋል።»

ነገሩ በጆሮዋ ገባ እንጂ ያን ጊዜ ልቧ ላይ አላረፈም።

*

እሑድ ቆቦ በነጭ ልብስ ተሞልታ ነበር። ባጃጆቹ ሪባን አስረው ይጮኻሉ። ዘላለም ታቦት ሸኝቶ መመለሱ ነው፤ ነጠላውን እንዳጣፋ ደጃፉ ላይ አገኘችው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«እንኳን አደረሰህ።»

«ምን አደረሰኝ፤ እንደ ወንድም የማየውን ቀብሬ።» ወንበር አመጣላት። ከበስተኋላው፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ሻንጣ ቆሟል።

«መንገድ አለብህ?»

«በሃያ ሰባት ነው በረራዬ። ለትምህርት። ኑሀ የተማረበት ቦታ ነው፤ ደብዳቤ የጻፈልኝ እሱ ነው።» ወደ ሻንጣው ዞር ብሎ አየ። «አምስት ዓመት ሞከርኩ፣ ኢንስፔክተር። አምስት ዓመት።»

«በምን ተቀበሉህ?»

«በሥራዬ። እሱ ከመመለሱ በፊት የሐሮን ቆጠራ ሦስት ዓመት ብቻዬን ይዤዋለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ሳይቀር አንድም ጥር አልተቋረጠም።»

«ጠዋት ጠዋት ነበር የምትቆጥረው?»

«ያኔ አዎ፤ ጠዋት ነው ሕጉ። አሁን ቢሮ ስላለብኝ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብዬ ነው የማግዘው።»

«ዓርብ ስትለያዩ ምን አለህ?»

ዘላለም ወደ ጫማው አየ። «እጁን አውለበለበልኝ። ነገ ጠዋት እዚሁ ዳስ ነኝ፣ ከቻልክ ና አለኝ። አልቻልኩም። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ጥምቀተ ባሕሩን ስናስጌጥ ነበር፤ ሃምሳ ሰው ይመሰክርልሻል።»

«አምንሃለሁ» አለችው ሀስና፤ የሃምሳውን ሰው ማለቷ ነበር።

ከዚያ ወደ ዋጃ ወረደች። ራዊያ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ከኑሀ ጋር ኒካሓቸው በሚመጣው የሻዕባን ወር ሊታሰር ተቆርጦ ነበር። ዓርብ ሙሉ ቀን ስታስተምር ውላ፣ ቅዳሜ መርዶውን የሰማችው ገና ከቤቷ ሳትወጣ ነው። አላለቀሰችም። ለቅሶውን ለኋላ ያስቀመጠች ትመስል ነበር።

«ስለ እሱ አትጠይቂኝ፤ ስለ ሥራው ጠይቂኝ» አለቻት። «ስለ ሥራው መናገር እችላለሁ።»

«እሺ። ዳሱ አንድ ነው?»

«ሁለት ነው። አንዱ በምሥራቅ ዳር፣ አንዱ በምዕራብ። ጠዋት ከምሥራቁ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ። ፀሐይ ሁልጊዜ ከጀርባ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህን ነው። ፀሐይ ፊትሽ ላይ ካለ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ዳክዬን ከዝይ አትለይም።»

ሀስና እስክሪብቶዋን አቆመች። የሽማግሌው ቀይ ዓይን ትዝ አላት።

«መዝገቡ ላይ ፊታቸው ወደዚህ ነው እያላችሁ የምትጽፉትስ?»

«ወፍ ውሃ ላይ ሲያርፍ ፊቱን ወደ ነፋስ ነው የሚያዞረው። ጀርባውን ከሰጠ ላባው ይገለበጣል። የባሕር ወፍ በተለይ ሰልፍ እንደያዘ ወታደር ነው፤ ሦስት መቶው ሁሉ አንድ ወገን ያያል። ስለዚህ የነፋሱና የፊቱ አቅጣጫ አንድ ካልሆነ ቆጣሪው ተሳስቷል ማለት ነው።»

ሀስና በስልኳ ያነሣችውን የመጨረሻ መስመር አሳየቻት። ራዊያ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«የእጅ ጽሑፉ የእሱን ይመስላል» አለች በመጨረሻ። «ዓይኑ ግን የእሱ አይደለም።»

ሀስና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ምዕራቡ ዳስ። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ።»

*

ጣቢያው ውስጥ ከማሉዲን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮኻል። ልጃቸው ዓሊማ አዲስ መርጫ አምጥታላቸው፣ በር ላይ ቆማ ከዘብ ጋር ትከራከራለች።

«ላክሽው ቁጥሩን?» አሉ ሀስናን ገና ሲያዩዋት።

«የትኛውን ቁጥር?»

«አርባ አንድ ፍሬ ነዋ። አራት ሺህ አንድ መቶ። ሸምበቆ ውስጥ ያሉትን አልጨመርኩም፤ እሱ ያላየኸውን አትጨምር ይለኝ ነበር።»

«እልከዋለሁ፣ አባባ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጦርነቱ ጊዜ ሐሮ ዳር ነበሩ?»

«የት ልሂድ? ኸብቶቼን ይዤ እዚሁ ነበርኩ።»

«ወፎቹስ?»

ሽማግሌው በእጃቸው አየሩን ጠረጉ። «መድፍ ሲጮኽ ማን ይቀመጣል? አንድ ቀን አረፉ፣ በነጋታው ተነሡ። ሁለት በጋ ውሃው ባዶውን ዋለ። ሰው እንኳ አልደረሰም፤ መንገዱ ተዘግቶ። ለኑሀ ይህንን ብነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ወረቀት አውጥቶ ቀይ ያሰምር ጀመር።»

ሀስና ብድግ አለች። የቀረው ነገር ሁሉ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር።

አዛዡ ቢሮው በር ላይ ሰማት። «የወፍ ፊት ማስረጃ ይሆናል ትዪኛለሽ?»

«ነገ ጠዋት አሳይዎታለሁ። ሽማግሌውንም ይዤ ልውረድ።»

«እስረኛ ለሽርሽር አይወጣም።» ሰዓቱን አየ። «ወደ ዞን የሚወስደውን መኪና እስከ ሦስት ሰዓት አቆይልሻለሁ። ቃሌ ነው።»

*

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ አምስት ሰዎች ምዕራቡ ዳስ ፊት ቆመዋል፤ ዘላለም፣ ሙዓዊያ፣ ራዊያ፣ ሰላሁዲን፣ እና ማንም ሳይጠራት የመጣች ዓሊማ። ብርዱ ይሰብራል። ነፋስ ከተራራው እየወረደ ጀርባቸውን ይገፋቸው ነበር።

«ዘላለም» አለች ሀስና፣ «አንተ ልምድ አለህ። እስቲ ዳክዬውን ቁጠርልኝ።»

ዘላለም ቴሌስኮፑ ላይ ዓይኑን አስጠግቶ ወዲያው ሸሸ። ከማዶ አሁን የወጣችው ፀሐይ ውሃውን የጋለ ብረት አስመስላዋለች።

«አይታይም» አለ።

«አይታይም። ኑሀም ለዚህ ነው ጠዋት እዚህ የማይቀመጠው። ጠዋት ዳሱ ያ ማዶ ያለው ነው። አንተ ግን ነገ ጠዋት እዚሁ ዳስ ነኝ አለኝ አልከኝ። አባባ ከማሉዲን እንኳ ከዚህ መቁጠር ሥቃይ እንደሆነባቸው ነግረውኝ ነበር፤ ሬሳውን ጥለው መሄድ አቅቷቸው ነው የቆጠሩት። ስለዚህ ኑሀን እዚህ ያገኘው ሞት የጠዋት ሞት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ።»

«መዝገቡስ?» አለ ሰላሁዲን።

«ወደ እሱ እየመጣሁ ነው። ሙዓዊያ፣ ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከጀርባችን ነዋ። ከተራራው።»

«በጥር ጠዋት ከምሥራቅ ነፍሶ ያውቃል?»

«እኔ አላየሁም። አባቴም አላየ።»

«መስመሩ ግን ነፋስ ከምሥራቅ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ይላል። ያ የአውድማ ነፋስ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣ። የጻፈው ሰው ከላዩ ያለውን የዓርብ ከሰዓት በኋላ መስመር አይቶ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ ገልብጦታል። ማን ነው እንዲህ የሚሳሳት? አባባ ከማሉዲን ያደጉት በዚህ ነፋስ ነው፤ ደግሞም ፊደል አይጽፉም። ሙዓዊያ ነፋሱን ከእኔ በላይ ያውቃል። ራዊያ መዝገቡንም ነፋሱንም ታውቃለች። የቀረው መዝገቡን አሳምሮ የሚያውቅ፣ በሐሮ ላይ ግን አንድም ጠዋት አንግቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሀስና ከቦርሳዋ ቀይ የተሰመረባቸውን ወረቀቶች አወጣች።

«ይህ የአንተ የሦስት ዓመት ሪፖርት ነው፣ ዘላለም። ሁሉም ጠዋት ይላል። በሦስቱም ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ነፋስ ከምሥራቅ። በጦርነቱ ሁለት በጋ አራት ሺህ፣ አምስት ሺህ ወፍ ጽፈሃል፤ ውሃው ባዶ ነበር፣ መንገዱም ዝግ። ቆቦ ቁጭ ብለህ ነው የቆጠርከው። ኑሀ ደርሶበት ቀይ አሰመረበት። በዚህ ቁጥር ነው ሻንጣ የገዛኸው።»

«ነፋስ'ኮ ሊለዋወጥ ይችላል» አለ ዘላለም። ድምፁ ደረቅ ነበር። «በነፋስ ሰው ይታሰራል?»

«ቀና በልና እያቸው።»

ሁሉም ወደ ውሃው ዞሩ። ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ ብላ ነበር፤ ወፎቹ ከብርሃኑ ውስጥ መለየት ጀምረዋል። ነጮቹ የባሕር ወፎች፣ ከሦስት መቶ የማያንሱ፣ ጭቃው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱም ወደ ምሥራቅ አላየም። ፊታቸውን ወደ ተራራው፣ ወደ ዳሱ፣ እዚያ ወደቆሙት ሰዎች አዙረው፣ ሁሉም ዘላለምን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

ዘላለም ሙቀት እንደሚፈልግ ሰው ክንዱን አቀፈ።

«ባሕር ማዶውን አንተ አይተኸው ተመለስክ፣ እኔ ሳላየው ልቅር ወይ አልኩት» አለ። «የውሸት ቁጥር ይዘህ አትሄድም፤ ደብዳቤዬን አነሣለሁ፣ እኔው ራሴ እጽፍላቸዋለሁ አለኝ። ቴሌስኮፑን ተሸክሜ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ተደፋ። ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ።»

«ፊቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ?» አለች ራዊያ። ከመጣች ጀምሮ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

«ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ» አለ ደግሞ። «ከዚያ መዝገቡ ተከፍቶ አየሁት። እግሩን አጠብኩ፣ የቴሌስኮፑን። ጻፍኩ። ሽማግሌውን አላሰብኳቸውም። ወላዲተ አምላክን፣ ቀድመው ይደርሳሉ ብዬ አላሰብኩም።»

ሰላሁዲን እጁን ያዘው። ዓሊማ «እንግዲህ አባቴ ይወጣል አይደል?» አለች፤ አንዴ ለሀስና፣ አንዴ ለሙዓዊያ፣ አንዴ ለሁሉም።

«አሁኑኑ እደውላለሁ።»

ሐሮ ዳር ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ የሚገኘው ከጉብታው ላይ ነው። ሀስና ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ነበራት። ጣቢያው በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«መኪናው?» አለ የስልኩ ሰው። «መኪናውማ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣ። የሟች ዘመዶች ጠዋት ሊመጡ ነው ተብሎ አዛዡ ቶሎ ይውጣ አሉ።»

ወደ አጃቢው ደወለች። ረጅም ጊዜ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር» አለ አጃቢው። ከኋላው የመኪና በር ይዘጋል። «ሮቢትን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ትንፋሻቸው ተያዘ። መርጫውን ፈለግን፤ ከንብረታቸው ጋር በፖስታ ታሽጎ ጣቢያ ቀርቷል። ውሃ ሰጠናቸው። መንገድ ዳር አወረድናቸው። ምን እናድርግ፣ እኛ ሐኪም አይደለን። ሙስባሃቸውን እንደያዙ ነፍሳቸው ወጣች፤ ኢንና ሊላህ።»

ሀስና ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። እውነቱን አግኝታ ነበር፤ በሰዓቱም አግኝታ ነበር። ከታች፣ ውሃው ዳር፣ ዓሊማ ፊቷን ወደ ጉብታው አዙራ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትጠብቃታለች። ሀስና እስክትወርድ ድረስ ቆማ ጠበቀቻት፤ ሀስና ደግሞ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

*

ረቡዕ ዕለት ራዊያና ሀስና ከኑሀ መዝገብ ጀርባ፣ ቁጥሩ የሚላክበት የባሕር ማዶ አድራሻ ተጽፎ አገኙ። ራዊያ ጻፈች፣ ሀስና አነበበች። ስለ ሦስቱ ዓመት የሐሰት ቁጥር ጻፉ። ስለ ኑሀ አንድ መስመር ጻፉ። ውሃው ዳር በዚያው ሳምንት ሁለት አዲስ ሞተር እንደተተከለም ጻፉ፤ ጠባቂ የለምና። አንድ ነገር ማድረግ ትችሉ እንደሆነ ብለው ጠየቁ። ከታች እንዲህ አሉ፦

ሐሮ፣ ቅዳሜ ጥር 10፣ ጠዋት። የውሃ ወፍ 4,100፤ ሸምበቆ ውስጥ ያለው ሳይጨመር። ነፋስ ከምዕራብ። ፊታቸው ወደ ምዕራብ። ቆጣሪ፦ ከማሉዲን።

ሀስና ስልኳን ይዛ ጉብታው ላይ ወጣችና ላከችው።

በየካቲት ውሃው ከዳሱ ራቀ። በመጋቢት ወፎቹ ተነሥተው፣ መልእክቱ ወደ ሄደበት አገር ሄዱ። ሀስና አሁንም በዚያ ስታልፍ ጉብታው ላይ ትወጣና ስልኳን ታያለች። መልስ አልመጣም።